የኡርሲን ጨርቅና የማጠቢያ ቤቱ ቁልፍ

ኤልሲ ገርበር የማጠቢያ ቤቱን ቁልፍ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ ካንጠለጠለች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ባሏን ቬርነርን ስትቀብር እንኳ ቁልፉ ከጥቁር ቀሚሷ ሥር ነበር። ኤመ ወንዝ ዳር ያለው ያ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ስድስት ቤተሰብና አንድ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ማሽን እንዳይናከስ ደግሞ ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡም ምድር ቤት፣ የማጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ሰኞ ኤልሲ። ማክሰኞና ዓርብ ድምፃቸው የማይሰማ ሁለት ቤተሰቦች፤ እነሱ በዚህ ታሪክ ስለሌሉበት እንተዋቸው። ረቡዕ ጡረታ የወጡት መምህር፣ አቶ ኤሽሊማን። ሐሙስ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ወጣት ባልና ሚስት። ቅዳሜ ወይዘሮ ቡሪ። እሁድ ማንም አያጥብም።

ይህችን «እሁድ ማንም አያጥብም» የምትለዋን መስመር አቶ ኤሽሊማን በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ አስምረውባታል። ደንቡን በቃል ያወጣችው ኤልሲ ናት፤ በጽሑፍ ያሰፈሩት እሳቸው ናቸው። ኤልሲ ብዕር ስትይዝ መጥረቢያ የያዘች ነው የምትመስለው። አታፍርበትም። «ፊደል የቆጠሩት ሸሚዛቸውን ሲያበላሹ ወደ ማን ነው የሚመጡት?» ትላለች። መልሱን ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

እሁድን እንዴት እንደምትጠብቅም ቤቱ ሁሉ ያውቃል። አንድ ጊዜ እሁድ ጠዋት በረንዳው ላይ አንድ ጥንድ ካልሲ ያሰጣ ተከራይ ነበር። ኤልሲ በመጥረጊያ እንጨት አውርዳ ከነእርጥበቱ የፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችለት። ሰውየው ዓመት ሳይሞላው ለቀቀ። ማንም አላዘነለትም።

እንግዲህ መጋቢት ላይ፣ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ፍሉሪና የኤልሲን በር አንኳኳች። ፍሉሪና ከተራራው ወገን የመጣች፣ ጠጉሯ የተንጨባረረ፣ አበባ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። አራት ወር የሆነው ልጇ ኡርሲን ደረቷ ላይ በማዘያ ታስሯል። ኡርሲን ኤልሲን ሲያይ ድድ ብቻ በሆነ አፉ ሳቀላት። ሲስቅላት ኤልሲ ፊቷን ታዞራለች፤ ሰው እንዳያያት።

«እንደምን ዋሉ ወይዘሮ ገርበር። አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር።»

«ልመናው ከመግባቱ በፊት እግርሽ ይጠረግ።»

ፍሉሪና እግሯን ጠረገች። «ኡርሲን ዳይፐር አልስማማው አለ። ቂጡ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ቅባቱን ሁሉ ሞከርን፣ ዓይነቱን ሁሉ ቀያየርን፤ በመጨረሻ ሐኪሟ የሽንት ጨርቅ ሞክሪለት አለችኝ። ሃያ አራት ጨርቅ ገዛሁ። በጨርቁ ሲሆን በሁለት ቀን ይድናል። ግን ሐሙስ ብቻ ባጥብ እሁድ ላይ ያልቅብኛል፤ ያን ጊዜ ወደ ዳይፐሩ እመለስና ሽፍታው እንደገና ይወጣበታል። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቁልፉን ቢሰጡኝ…»

«በየሁለት ቀኑ!»

«አንድ ማሽን ብቻ። ቶሎ እጨርሳለሁ።»

«የማን ቀን ላይ? ሰው ቀኑን ይሰጥሻል? እዚህ ቤት ሰው ኩላሊቱን ይሰጥሻል እንጂ ቀኑን አይሰጥሽም። ደግሞስ ምን የሚሉት እብደት ነው ጨርቅ?»

ፍሉሪና ግራ ገባት። «እኔ እንኳ ደስ የሚልዎት መስሎኝ ነበር። የድሮ ሰው ነዎት፣ ጨርቅ ይወዳሉ ብዬ።»

«የድሮ ሰው ስለሆንኩ ነው ዳይፐርን የፈጠረውን ሰው ጠዋት ማታ የምመርቀው! ፈረስ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ሐውልት ያቆማሉ፤ ለእሱ አላቆሙለትም። ጣሉት፣ በቃ፤ አለቀ፤ እንዲህ ያለ ጸጋ የት ይገኛል?»

«የቆሻሻ ከረጢቱስ? ማዘጋጃ ቤቱ የሚሸጥልን ከረጢት በሦስት ቀን ጢም ይላል።»

«ከረጢት ይሙላ! እጅ ከሚላጥ ከረጢት ቢሞላ ይሻላል።»

ይህን ስትል እጇን ሳታውቀው ከሽርጧ ሥር ደበቀችው። ኤልሲ አባቷ ሞቶ እናቷ ሲቸግራት፣ የመንደሩ ሹማምንት በስምንት ዓመቷ ለአንድ ባለ እርሻ ቤት የሰጧት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት የምትሄደው ሥራ ሲጠፋ ብቻ ነበር፤ እርሻ ቤት ደግሞ ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። በዚያ ቤት በየዓመቱ አንድ ሕፃን ይወለዳል። የሕፃኑን ጨርቅ የከብት ማጠጫው ገንዳ ላይ በረዶውን በድንጋይ ሰብራ የምታጥበው እሷ ነበረች። ጣቷ ይሰነጠቃል፣ ጨርቁን ደም ይነካዋል፤ ደም ነካው ተብሎ እንደገና ይታጠባል። ጨርቁ ካልነጣ እራት የለም። ስለዚህ «የሽንት ጨርቅ» ሲባል ሌላው ሰው ሕፃን ይታየዋል፤ ኤልሲ በረዶ ነው የሚታያት። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ቬርነር ራሱ ግማሹን ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ፍሉሪና የኡርሲንን ጭንቅላት ዳበሰች። «እንግዲያው ሰኞ የመልቀቂያ ደብዳቤውን እንልካለን። ባለቤቴ ሬቶ በርን ከተማ አንድ ቤት አግኝቷል። ጠባብ ነው፣ ፀሐይም የለው፤ ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ የራሱ ማሽን አለ። እኔ እዚህ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ልጄ እየተላጠ ልኖር አልችልም።»

«መሄድ ከፈለጋችሁ ሂዱ። መንገዱ ሰፊ ነው» አለች ኤልሲ።

አፏ እንዲህ አለ። አፍና ልብ በአንድ ደጅ አይወጡም። በሩን ከዘጋች በኋላ ቆማ፣ የፍሉሪና እርምጃ ወደ ላይ ሲወጣ አዳመጠች። በጠዋቱ፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ኡርሲን ከላይ ሲያለቅስ የምትሰማው እሷ ናት። «ተነሣ ጌታው» ትልና እሷም ትነሣለች። ፍሉሪና ገበያ ስትወጣ እሷ ትይዘዋለች። ሲያቅፉት መጀመሪያ የሚይዘው የቁልፉን ክር ነው፤ ይስበውና ቁልፉን እንደ ከረሜላ ይልሰዋል። ኤልሲና ቬርነር ልጅ አልወለዱም። በዚያ ቤትም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሕፃን ለቅሶ ተሰምቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ ሊሄድ ነው። በርን ከተማ፤ ፀሐይ የሌለው ቤት።

«የራሱ ማሽን አለው አሉ» አለች ለባዶው ወጥ ቤት። «ማሽን ጡት ያጠባ ይመስል።»

ቅዳሜ ጠዋት ፍሉሪና እንደገና መጣች። አበባ ቤቱ ውስጥ የሥራ ባልደረባዋ ታማለች፤ ሬቶ ደግሞ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ስለሆነ ተራው ነው። ሰው የላትም። ከሐሙሱ ንግግር በኋላ መለመኑ ከብዷታል፤ ፊቷ ላይ ይታያል።

«ስጪኝ» አለች ኤልሲ፣ ሳትጨርስ።

ፍሉሪና ሁለት ቦርሳ መሬት ላይ አስቀመጠች። «ይኸኛው ዳይፐር ነው። ይኸኛው ጨርቅ፤ የቀሩኝ ሰባት ናቸው። የፈለጉትን ያድርጉለት፤ እኔ ምንም አልልም።»

«እንዳትይም!»

ኤልሲ በእርግጥ ዳይፐሩን አደረገችለት። ግራና ቀኙን ለጠፍ፣ ለጠፍ፤ አለቀ። «አየህ?» አለችው። «ይሄ ነው ሥልጣኔ። እናትህ ግን የተማረች ስለሆነች አይገባትም።» ኡርሲን ቁልፉን ላሰ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ዋሉ። ድንች ቀቀለች፣ ለእሱ መዝሙር አዜመችለት፣ የአቶ ኤሽሊማንን አረማመድ በመስኮት እያየች አማችለት።

ከእኩለ ቀን በኋላ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። የረሃብ ለቅሶ አይደለም፤ ኤልሲ የረሃብ ለቅሶ ታውቃለች። ዳይፐሩን ፈታችው።

ቀልቷል ሲባል ሰምታለች፤ ሲባልና ሲታይ ግን አንድ አይደለም። ልክ የራሷን ጣቶች መሰላት። ያኔ፣ ገንዳው ዳር፣ የስምንት ዓመቷን።

«ይሄን ተሸክመህ ነው የምትስቅልኝ?» አለችው። «ሞኝ! እኔ ብሆን ይሄን ጊዜ ቤቱን አፈርሰው ነበር።»

በለብታ ውኃ አጠበችው፣ በስሱ አደረቀችው። ከዚያ ሁለተኛውን ቦርሳ ከፈተች። የፍሉሪና ጨርቆች እንደ ልብስ ቁልፍ የተሰፋላቸው፣ ቀበሮና እንጉዳይ የታተመባቸው ናቸው። ኤልሲ የጨርቁን ቁልፍ ንቃ ተወችው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሰባ ዓመት ሙሉ አጥፋ አታውቅም፤ እጇ ግን እሷን ሳይጠይቅ ወዲህ አጠፈ፣ ወዲያ አጠፈ፣ ሦስት ማዕዘን አደረገ፣ ከሥሩ አሳለፈ፣ ጠቀለለ። መርፌ ቁልፍ ከልብስ ስፌት ሳጥኗ አወጣች። ኡርሲን ሁለት ጊዜ ተነፈሰና እንቅልፍ ወሰደው።

ኤልሲ እጇን አየችው። «አንተ ከሃዲ» አለችው እጇን። «አልረሳህም ለካ።»

ማታ ፍሉሪና ስትመለስ ልጁ ተኝቷል፣ ሽፍታው መደብዘዝ ጀምሯል፣ የቆሸሹት ጨርቆች ከምጣድ በማይተናነስ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል። ፍሉሪና ያን ሁሉ አየች፤ እንደ ቃሏ ምንም አላለችም። አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «አሁን ሃያ አራቱም አለቁ። እስከ ሐሙስ በዳይፐር ነው እንግዲህ።» ልጇን አቅፋ ወጣች።

ኤልሲ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። ሰኞ የራሷ ነው፤ መስጠት ትችላለች። ግን ሰኞ ሬቶ ደብዳቤውን ይልካል፤ ከሄደ በኋላ ጨርቅ ቢነጣ ምን ዋጋ አለው? ማክሰኞ የሰው ነው፣ ረቡዕ የመምህሩ። ሁለተኛ ቆጠረች። በሳምንት ውስጥ ጌታ የሌለው ቀን አንድ ብቻ ነው። እሱም በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ የተሰመረበት።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ኤልሲ ሦስተኛ ፎቅ በር ላይ ያለውን፣ የቆሸሹት ጨርቆች የተጠራቀሙበትን ባለ ክዳን ባልዲ አንሥታ፣ ሳፋዋ ውስጥ የዘፈዘፈቻቸውን ጨምራ፣ ወደ ምድር ቤት ወረደች። በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን የከፈተችው እንደ ሌባ ነበር። ማሽኑን ስታስነሣው ድምፁ እንደ ጎርፍ መሰላት። «ቀስ በል አንተ አውሬ» አለችው።

ማሽኑ ሲያበቃ ክዳኑን ከፍታ እጇን ሰደደች፤ ከልማዷ የተነሣ ጣቷን ጨብጣ፣ ለቅዝቃዜው ተዘጋጅታ። ጨርቁ ግን ሞቃት ነበር። አንዱን አወጣች። ሞቃት ነው፣ ነጭ ነው፣ ደም የለበትም። ጉንጯ ላይ አደረገችው። ማንም አላያትም፤ እኔም ያየሁት ስላልሆነ ስንት ደቂቃ እንደቆመች አልነግራችሁም።

ከቤቱ ኋላ ሣሩ ላይ ማስጫው አለ፤ ከመንገዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ይታያል። ኤልሲ ሃያ አራቱን ጨርቅ አንድ በአንድ ዘረጋች። ቀበሮዎቹና እንጉዳዮቹ በነፋሱ ተውለበለቡ። መቆንጠጫዎቹን እንደ ወታደር አሰለፈች፤ ኃጢአትም ቢሆን በሥርዓት መሠራት አለበት።

በመጀመሪያ ያያት ፍሉሪና ናት። መስኮቷን ከፈተች፣ ጨርቆቿን አየች፣ ደወል ሰማች፣ ቀኑን አስታወሰች። በሌሊት ልብሷ፣ ባዶ እግሯን፣ ሦስት ፎቅ ደረጃ እየዘለለች ወረደች። ኤልሲ ከማስጫው ምሰሶ ኋላ ስለነበረች አላየቻትም፤ ጨርቆቹን እየመነጨቀች ክንዷ ላይ ትከምር ጀመር።

«ሬቶ፣ ሬቶ! ምን አደረግኸኝ! ካየችን አለቀልን! ያቺ ሴትዮ በመጥረጊያ…»

«በመጥረጊያ ምን?» አለች ኤልሲ ብቅ ብላ።

ፍሉሪና ጮኸች። «ወይዘሮ ገርበር! ይቅርታ! ባለቤቴ ነው፤ እሱ ቀን አያውቅም፣ ባቡር ላይ ሁሉም ቀን አንድ ነው፤ አሁኑኑ አነሣዋለሁ…»

«ብታነሺ እጅሽን ነው የምልሽ። መልሺና ስቀዪ! እኔ ነኝ ያሰጣሁት።»

ፍሉሪና ጨርቆቹን ታቅፋ ቀረች። «እርስዎ? እሁድ?»

«ጆሮሽ ነው ወይስ ገና አልነቃሽም? ያንን ቀበሮ ያለበትን አስተካክለሽ ስቀዪ፤ ጠምዝዘሽዋል።»

በዚህ መሃል አቶ ኤሽሊማንና ወይዘሮ ቡሪ ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው ከቤቱ ወጡ። መምህሩ ባርኔጣቸውን፣ ወይዘሮዋ ላባ ያለውን ኮፍያቸውን አድርገዋል። ሁለቱም እንደ ጨው ሐውልት ቆሙ።

«ወይዘሮ ገርበር» አሉ መምህሩ፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ። «ዛሬ እሁድ ነው።»

«አውቃለሁ። ደወሉን እኔም ሰምቻለሁ።»

«ደንቡ…»

«ደንቡን እኔ ነኝ ያወጣሁት። እርስዎ ቀይ ቀለም ነው የጨመሩበት።»

«የካልሲውን ሰውዬ አስታውሱ!» አሉ ወይዘሮ ቡሪ። «አንድ ጥንድ ካልሲ! ይሄ እኮ የመርከብ ሸራ ነው!»

«ካልሲው ቂጥ አልነበረውም» አለች ኤልሲ። «የዚህ ልጅ ቂጥ ተልጧል። መጽሐፉ በሬህ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ አታወጣውም ወይ አይልም? ወይስ ያ ምዕራፍ ሲነበብ እኔ ብቻ ነኝ ያልተኛሁት?»

ጥቅሱ ትክክል ስለነበር አቶ ኤሽሊማን የሚያርሙት ነገር አጡ። «ቢሆንም» አሉ፣ «በሬው አንድ ቀን ነው የሚወድቀው። ይሄ ልጅ በየቀኑ ነው የሚወድቅብን። ዛሬ እሁድን ብንሰጠው ነገስ?»

ይህ ጥያቄ እውነት ነበር። ኤልሲም አወቀች። ቁልፉን ከቀሚሷ አወጣችና ለሁሉም እንዲታይ ደረቷ ላይ ተወችው።

«እሺ፤ ሌላም ልንገራችሁ። ሁለቱን ኃጢአት በአንድ ጠዋት ብናዘዝ ይሻላል። ቬርነር ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የአንድ አሮጊት ልብስ ስንት ነው? በወር አንድ ማሽን አይሞላም። ሰኞ ሰኞ ሲጮህ የምትሰሙት ሦስት የሳህን ማድረቂያ ጨርቅ ነው። እሱም ንጹሕ! አጥቤ፣ ተኩሼ አስቀምጠዋለሁ፤ ሰኞ ሲመጣ ደግሞ አወጣዋለሁ።»

«ለምን?» አለች ፍሉሪና።

«ለምን ትለኛለች! ‹ገርበር ቀኗን አትፈልገውም› እንዳይባል ነዋ! እዚህ ቤት ቀኑን አንዴ የለቀቀ መልሶ አያገኘውም።»

አቶ ኤሽሊማን የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ነበር። ቀስ በቀስ ጆሯቸው ቀላ።

«መጋረጃ» አሉ።

«ምን?»

«እኔ… ረቡዕ ረቡዕ የማጥበው መጋረጃ ነው።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ። ሸሚዞቼን ለልብስ ንጽሕና ቤት ነው የምሰጠው።»

«እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ንጹሕ ሰው ነው እያልኩ ስቀና!» አለች ኤልሲ። «መጋረጃው እንደ ወንፊት የሳሳው ለዚህ ነዋ! ማታ ማታ የሌሊት ቆብዎ ሳይቀር በእሱ በኩል ይታያል እኮ!»

ወይዘሮ ቡሪ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎ ነበር፤ ሳቅ ነው። የኮፍያቸው ላባ አብሮ ዘለለ። «እናንተ ደህና ናችሁ! ቢያንስ ውስጡ ጨርቅ አለ። እኔ ልጄ ቤት ማሽን ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ልብሴን የምታጥብልኝ እሷ ናት። ቅዳሜ ባዶውን አስነሣውና አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሹራብ እሠራለሁ። ሙቀቱ ለጉልበቴ ጥሩ ነው!»

ያን ጊዜ ኤልሲም አልቻለችም። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርጥብ ጨርቅ መሃል ቆመው እስኪያስላቸው ሳቁ። ፍሉሪና ባዶ እግሯን ሣሩ ላይ ቆማ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። ይሄን ሁሉ ጊዜ፣ ልጇ ሲላጥ፣ ማሽኑ ከሥሯ ባዶውን ሲዞር ኖሯል። ልትቆጣ ፈለገች፤ ሳቁ ግን ቀደማት። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ዝም አለ። አንዳቸውም አልሄዱም።

«ወረቀት» አሉ አቶ ኤሽሊማን፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ ብዕራቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። እሳቸው ያለ ብዕር ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም፤ ሰባኪው ሲሳሳት ይጽፋሉ። «ወረቀት ስጡኝ፤ ደንብ በቃል አይጸናም።»

ልክ ያን ጊዜ ሬቶ የባቡር ሠራተኛ ልብሱን ለብሶ፣ ኡርሲንን ታቅፎ ወረደ። ሥራ ሊገባ ነው። በኪሱ ያለው ወረቀት አንድ ብቻ ነበር፤ ነገ ሰኞ ጠዋት ባቡር ጣቢያው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ሊከተው የያዘው የመልቀቂያ ደብዳቤ። ሚስቱን አየ። ፍሉሪና ማስጫውን አየች፣ ኤልሲን አየች። ከዚያ ራሷ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች፣ ወረቀቱን አወጣችና ባዶውን ጀርባ ገልብጣ ለመምህሩ ሰጠቻቸው።

አቶ ኤሽሊማን የኤልሲን ጀርባ ጠረጴዛ አድርገው ጻፉ። «ሰኞ፦ ኡርሲን። ወይዘሮ ገርበር ሲፈልጉ ከእሱ ጋር። ረቡዕ ከእኩለ ቀን በኋላ፦ ኡርሲን።»

«ከእኩለ ቀን በፊትስ?» አለች ኤልሲ።

«ከእኩለ ቀን በፊት መጋረጃ።»

«ይሁንላቸው፤ እያለቀሱ እንዳይጽፉ» አለች ኤልሲ።

«ሐሙስ እንደ ድሮው» ቀጠሉ። «ቅዳሜ፦ ኡርሲን።»

«እኔ ግን እዚያው ተቀምጬ ሹራቤን እሠራለሁ» አሉ ወይዘሮ ቡሪ። «እሱን ጻፉልኝ።» ተጻፈላቸው።

«እሁድ…» አሉ መምህሩና ብዕሩን አንሥተው ኤልሲን ጠበቁ።

ኤልሲ አሰበች። «እሁድ ማንም አያጥብም» አለች። «በሬ ካልወደቀ በቀር።»

ኡርሲንን ከአባቱ ክንድ ወሰደችው። ልጁ ወዲያው ክሩን ስቦ ቁልፉን አፉ ውስጥ ከተተ። ኤልሲ ወደ ፍሉሪና ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ይበልጥ ሸካራ ይሆናል።

«ስሚ። ጨርቁ አሸንፏል፤ ልጁ መርጧል፤ እኔ አፌን ዘግቻለሁ። ግን ቆዳው ሲጠነክር፣ ተራራው ላይ እናትሽ ጋ ስትሄጂ ያንን ዳይፐር ያዢ። ቢደክምሽም ያዢ። ያመመሽ ቀን ላጥብ ብለሽ እንዳትነሺ። ጨርቁ ለልጁ ይገዛ እንጂ አንቺ ለጨርቁ እንዳትገዢ። እኔ አንድ ጊዜ ተገዝቼለታለሁ፤ አይበጅም።»

ፍሉሪና መቼ ብላ አልጠየቀችም። የኤልሲን እጅ፣ ጣቶቿ ላይ ያሉትን አሮጌ ነጫጭ ስንጥቆች አየች። «እሺ ወይዘሮ ገርበር» አለች።

«ኤልሲ በይኝ። የሌሊት ልብስሽን አይቼ ደግሞ ምን ወይዘሮ አለ።»

በማግሥቱ ሰኞ፣ ኤልሲ አዲሱን ደንብ ምድር ቤቱ በር ላይ ለጠፈችው። ከመለጠፏ በፊት ገልብጣ አየችው። ታይፕ የተደረገ ጽሑፍ ቶሎ አይገባትም፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል፤ «…ቤቱን የምንለቅ መሆናችንን…» እዚያ ላይ አቆመች። ሙጫውን አነሣችና በጽሑፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀባችው፤ ደገመችው፤ ሠለሰችው።

«ሙጫው በዛ» አሉ አቶ ኤሽሊማን፣ ከኋላዋ ሆነው መስመሩ መጣመሙን አለመጣመሙን እያዩ።

«አልበዛም» አለች ኤልሲ፣ ወረቀቱን በሁለት መዳፏ በሩ ላይ እየተጫነች። ከውስጥ ማሽኑ ይዞራል፤ በዚህ ሰኞ ባዶውን አይደለም። እነ ሬቶ እንግዲህ መልቀቂያውን ከፈለጉ ደንቡን ከበሩ ገንጥለው ነው የሚወስዱት። በዚያ ቤት ደግሞ ደንብ ይጣሳል እንጂ ከበር አይገነጠልም።